ክሪኩ ምን ላይ ይቆማል?

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ክሪክ አለው። ክሪኩ የትኛው ወንበር ሥር እንደተቀመጠ የሚያውቀው ግን ጎማው የፈነዳ ቀን ነው።

ጎማው የፈነዳው አስፋልት ላይ ከሆነ ነገሩ በግማሽ ሰዓት ላብ ያልቃል። ክረምት ላይ፣ ከዋናው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ከሆነስ? ያኔ ክሪኩ ይረዝማል፣ መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። እጀታውን በመቱት ቁጥር የክሪኩ እግር ወደ ጭቃው ይሰምጣል። ሾፌሩ ይረግማል፣ ረዳቱ ድንጋይ ፍለጋ ይሄዳል፣ ተሳፋሪው ይመሻል ብሎ ይሰጋል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ ክሪኩ ደካማ ነው፣ ከተማ ስገባ ትልቅ እገዛለሁ። ይገዛልም። በሚቀጥለው ክረምት ትልቁ ክሪክ ከትንሹ የበለጠ ይሰምጣል።

ዛሬ ከተለመደው የፖለቲካ ወሬያችን ወጣ ብለን የዚህን ብረት ታሪክ እንይ። የክሪክ ታሪክ የሁለት ጥያቄዎች ታሪክ ነው። አንደኛው፦ ትንሽ ጉልበት ትልቅ ሸክም እንዴት ያነሳል? ሁለተኛው፦ የሚያነሳው ዕቃ ራሱ ምን ላይ ይቆማል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካገኘ ዘመናት አልፈዋል። ሰው መንገድ ላይ የሚያድረውና መኪና ሥር የሚሞተው በሁለተኛው ነው።

*የተረሳው ቅድመ ሁኔታ*

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በሲራኩስ ከተማ የኖረው ግሪካዊው አርኪሜዲስ ስለ ማንሻ ዘንግ ተናገረው የሚባል ነገር አለ። የምቆምበት ቦታ ከሰጣችሁኝ ምድርን እንኳን አንቀሳቅሳለሁ ብሏል ይባላል። ትምህርት ቤት ሲነገረን ሁላችንም የያዝነው ምድርን ማንቀሳቀሱን ነው። የምቆምበት ቦታ ከሰጣችሁኝ የሚለውን ማንም ልብ አላለውም። ሰውዬው ግን መሐንዲስ ነበርና ቅድመ ሁኔታውን ያስቀደመው አውቆ ነው። ዘንጉ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ የሚደገፍበት ነገር ከከዳው እንጨት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ብልሃት ሁሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ነበር። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት ጫናውን በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያስተላልፍ ጻፈ። ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1663 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ እስኪተረጎም ከ100 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1795 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጆሴፍ ብራማ የተባለ ቁልፍ ሠሪ በዚሁ መርህ የሚሠራ መጭመቂያ ማሽን የፈጠራ መብት አወጣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ትንሽ ፒስተን በ50 ኪሎ ጉልበት ብትጫኑት፣ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ ፒስተን 1,000 ኪሎ ያነሳል። ነጻ ስጦታ ግን አይደለም። ትልቁ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ትንሹ 20 ሴንቲ ሜትር መጓዝ አለበት። በጉልበት ያተረፍነውን በርቀት እንከፍላለን። የክሪክ እጀታ ደጋግሞ የሚመታው ለዚህ ነው።

ይህን ማሽን በእጅ የሚያዝ ያደረገው በስኮትላንድ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሠራው ሪቻርድ ደጅን ነው። በ1851 እ.ኤ.አ. ተንቀሳቃሽ የሃይድሮሊክ ማንሻ የፈጠራ መብት አገኘ። ዛሬ መኪናችን ውስጥ ያለው የዘይት ክሪክ የዚያ ቀጥተኛ ልጅ ነው። የሚገርመው፣ ደጅን በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላም ሠርቷል። ዘመናዊውን ክሪክ የሠራው ሰው መኪናም ይሞክር ነበር ማለት ነው።

የክሪክ ጉልበት በአደባባይ የታየው ለንደን ላይ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ነው። ኢሳምባርድ ብሩነል ያሠራት «ግሬት ኢስተርን» የተባለች መርከብ ወደ 12,000 ቶን የሚጠጋ ክብደት ይዛ ወደ ውኃ በጎኗ መገፋት ነበረባት። ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 3 ቀን 1857፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። መርከቧ ድንገት ስትንቀሳቀስ የሰንሰለት መጠቅለያው እጀታ ወደ ኋላ ተፈትልኮ ሠራተኞችን አየር ላይ ወረወረ፣ ሰውም ሞተ። ከዚያ በኋላ ከበርሚንግሃም የታንጊ ወንድማማቾች የሃይድሮሊክ ክሪኮች መጡ። ሳምንታት የፈጀ ግፊያ ተደርጎ መርከቧ በጃንዋሪ 31 ቀን 1858 ተንሳፈፈች።

የዚያን ቀን የተፈተለከውን እጀታ አትርሱት። ወደኋላ እንመለስበታለን።

*ክሪክ በሌለበት አገር 70 ኩንታል*

ግሬት ኢስተርን ውኃ ከነካች አሥር ዓመት ሳይሞላ እኛ ዘንድ ሌላ ከባድ ነገር መንገድ ጀመረ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ ያቀለጡት ሴባስቶፖል መድፍ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ፣ በእኛ አነጋገር 70 ኩንታል ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ።

በመሐል ጅዳና በሽሎ አሉ። እነዚህን ገደሎች ያየ ሰው ዛሬ በላንድክሩዘርም ቢሆን ልቡ ሳይመታ አይወርድም። መድፉ በመንኮራኩር ላይ ተጭኖ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወረደ፣ ወጣ። መቅደላ የደረሰው ከአምስት ወር በላይ ተጉዞ፣ መጋቢት ላይ ነው።

ይህን ታሪክ ስናወራ ሁልጊዜ የምናደንቀው የጎተቱትን ሰዎች ክንድ ነው። ክንዱ ይደነቅ። ያንን ጉዞ ያስቻለው ግን መንገድ ሥራው ነው። ሠራዊቱ ከመድፉ ፊት ፊት ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደል እየቆረጠ፣ ጉድጓድ እየሞላ መንገድ ያወጣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ሲያነሱ በዓይናቸው ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈውታል። መድፉን ከማንቀሳቀስ በፊት የሚቆምበትን መሬት ሠሩለት። አርኪሜዲስ የጠየቀውን ቦታ ቴዎድሮስ በአካፋ አወጡት።

በተቃራኒው በኩል የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦርም ያው ጥያቄ ገጥሞት በሌላ መንገድ መለሰው። ዙላ ላይ ወርዶ ከባሕር ዳርቻው ወደ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች ከባድ መሣሪያውን ተሸከሙለት። በፖለቲካው ማን እንዳሸነፈ እናውቃለን። በምሕንድስናው ግን ሁለቱም አንድ ነገር ተረድተዋል፦ ከባድ ዕቃ ከመነሳቱ በፊት ክብደቱ የሚከፋፈልበት ነገር ይፈልጋል።

የእኛ ሰው ይህን ከፓስካልም ከብራማም ሳይማር በአንድ ተረት ቋጭቶታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ስለ መተባበር ብቻ የሚነገር ይመስለናል። የክሪክ እግር ለምን እንደሚሰምጥ የሚያስረዳ ፊዚክስም ጭምር ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የክሪኩ እግር 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 1,000 ኪሎ ቢያርፍበት እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ትሸከማለች። ርጥብ መረሬ ይህን አይችልም። ከሥሩ 40 በ40 የሆነ ወፍራም ሳንቃ ብታስገቡ ስፋቱ 1,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ጫናውም ወደ 0.6 ኪሎ ይወርዳል። ክሪኩ ያው ነው፣ መኪናው ያው ነው፣ ጭቃውም ያው ነው። የተለወጠው ሃምሳውን ሎሚ ሃምሳ ሰው መያዙ ነው።

*ቃሉ ከየት መጣ?*

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመኪና መንገድ በሌለበት አገር እየነዳ ለዐፄ ምኒልክ አደረሰ። ክሪክ የሚለው ቃል በመላ አገሪቱ የተዘራው ግን በኋላ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ሳይሆን አይቀርም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያኖች መንገድ ሲቆርጡና የጭነት መኪና ሲያርመሰምሱ ጋራዡም የእነሱን ቋንቋ ለመደ። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቪቴ፣ ታኮ፣ ሁሉም ከዚያ ናቸው። ክሪክም ከጣልያንኛው እንዳለ የተወሰደ ነው። ጣልያንኛው ራሱ ከፈረንሳይኛ የተዋሰው ቃል ነው።

ቃሉ ከመንገዱ ጋር መምጣቱ አንድ ነገር ይነግረናል። መኪና ሲገዛ አብሮት የሚመጣው ክሪክ የተነጠፈ መንገድ ልጅ ነው። ፋብሪካው የሚያስበው ደረቅ፣ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ነው። ከዚያ ወጥታችሁ ስትሄዱ ክሪኩ ከአገሩ ወጥቷል።

ከተነጠፈ መንገድ ውጭ ተወልዶ ያደገ ክሪክ የለም ማለት ግን አይደለም። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ብሉምፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ፋብሪካ ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበሬ የሚሆን ረጅም ክሪክ ይሠራል። ዛሬ ሃይ-ሊፍት የሚባለው እሱ ነው። ብዙ ቀዳዳ ያለው ቀጥ ያለ ብረት ሲሆን፣ ሁለት ፒኖች እየተፈራረቁ ቀዳዳ ለቀዳዳ ይወጡበታል። ገበሬው የአጥር ምሰሶ ይነቅልበታል፣ ጋሪ ያነሳበታል፣ አጋድሞ ገመድ ይወጥርበታል። የጂፕና የላንድሮቨር ዘመን ሲመጣ ባለመኪኖች ወደዱት።

የወደዱበት ምክንያት አለ። ከፍ ያለ መኪና ሻንሲው ሲነሳ ባሌስትራው ይለጠጥና ጎማው ታች ይቀራል። መሬቱን እስኪለቅ ድረስ ሻንሲውን ብዙ ማንሳት ያስፈልጋል። አጭሩ የዘይት ክሪክ እዚያ አይደርስም። 48 ኢንች ወይም 122 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ሃይ-ሊፍት ይደርሳል።

ነገር ግን ከፍታው ራሱ አደጋ ነው። በቀጭን እግር ላይ ከፍ ያለ መኪና በጎን ይወድቃል። መኪናውን ሲያወርዱ ደግሞ ሸክሙ በእጀታው በኩል ወደ እጅ ይመጣል። እጅ ካዳለጠ እጀታው ይፈተለካል፣ አገጭና ጥርስ ይሰብራል። የግሬት ኢስተርን ሠራተኛ ቴምዝ ዳር የሞተበት ነገር ትንሽ ሆኖ በየመኪናው ጀርባ ታስሮ ይዞራል።

*ባለማንሳት የነዳው ሰው*

በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ግብጽ የነበረው እንግሊዛዊ መኮንን ራልፍ ባግኖልድ በፎርድ መኪና የሊቢያን በረሃ ማሰስ ጀመረ። አሸዋ ከጭቃ አይሻልም። ክሪክን እንዳለ ይውጠዋል።

የባግኖልድ መላ ቀላል ነበር። የጎማውን ንፋስ ቀነሰ፣ ጎማው ተዘርግቶ ሰፊ መሬት እንዲረግጥ። ከካይሮ የአሮጌ ብረት ነጋዴ ዘንድ ለአንደኛው ዓለም ጦርነት ምሽግ ጣሪያ ተብለው የተሠሩ ቦይ መሰል ብረቶች አገኘ። መኪናው ሲሰምጥ ከጎማው ፊት አሸዋውን ጠርጎ ብረቱን ያስገባል፣ መኪናውም በራሱ ጉልበት ይወጣል። በ1940 እ.ኤ.አ. ጣልያን ጦርነት ስትገባ ይህንኑ ዘዴ ይዞ ካይሮ ላይ የረጅም ርቀት የበረሃ ጓዱን አቋቋመ። ማንም መኪና አይሻገረውም የተባለውን የአሸዋ ባሕር አቋርጠው ጠላትን ከጀርባ መቱ።

ዛሬ በየሱቁ ደማቅ ቀለም ተቀብቶ የሚሸጠው የፕላስቲክ ጭቃ መውጫ ሰሌዳ የእነዚያ ብረቶች የልጅ ልጅ ነው። ባግኖልድ የገባው ነገር ይኸው ነው፦ የሰመጠን መኪና ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ማንሳት አያስፈልግም። ጫናውን ማስፋት ይበቃል።

*እንግዲህ ምን እንግዛ?*

ታሪኩ የግዢ ቅደም ተከተላችንን ይገለብጠዋል። ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስንት ቶን ያነሳል ብለን ነው። መጀመሪያ መምጣት ያለበት ምን ላይ ይቆማል የሚለው ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ አካፋና ሳንቃ። ወፍራም፣ የማይሰነጠቅ፣ 40 በ40 ገደማ የሆነ ጣውላ የትኛውም እንጨት ቤት ይቆረጥላችኋል። ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም በላይ የሚያድነው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥሩ የዘይት ክሪክ። የመኪናችሁ ሙሉ ክብደት ከነጭነቱ 3 ቶን ከሆነ ከዚያ በታች የሚያነሳ አትግዙ። ከቶኑ እኩል ሁለት ልኮችን እዩ፦ ታጥፎ ሲቀመጥ ቁመቱ ስንት ነው፣ ተዘርግቶስ? ጎማው ተንፍሶ አክስሉ ዝቅ ሲል ሥሩ የማይገባ ክሪክ ባለ 10 ቶን ቢሆንም ዋጋ የለውም። አክስሉን ሲያነሳ ጎማው አብሮ ስለሚነሳ ለብዙ ሥራ የሚበቃው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሃይ-ሊፍት፣ ግን የሚያርፍበት ብረት ላለው መኪና ብቻ። የዘመኑ መኪኖች ፓራውልት ፕላስቲክ ነው። እሱ ላይ ብትደግፉት ይሰብረዋል፣ ካልሰበረው ያዳልጠዋል። ከገዛችሁ ሰፊ መቆሚያውን አብራችሁ ግዙ። ፒኖቹን ከጭቃ አጽዱ፣ እጀታውን ስትይዙ ፊታችሁን ከመንገዱ አርቁ፣ ሸክም ባለበት ጊዜ እጀታውን ለአፍታም አትልቀቁ።

አራተኛ፣ በጭስ ማውጫው የሚነፋው ከረጢት። አሸዋና ጭቃ ላይ ሰፊ ስለሚረግጥ ጎበዝ ነው። ሹል ድንጋይና የጋለ ብረት ግን ጠላቱ ናቸው። ለአፋር አሸዋ ይሆናል፣ ለስለታም ድንጋይ አይሆንም።

ስለ ካቦም አንድ ነገር። ተሳቢ የሚታሰርበት ኳስ ላይ ካቦ አስራችሁ የሰመጠ መኪና አትጎትቱ። ኳሱ ለዚያ አልተሠራም። ሲሰበር እንደ ጥይት ይወነጨፋል። ሻንሲው ላይ ለመጎተቻ የተበጀውን ቦታ ፈልጉ። ሲጎተት ተመልካቹ ከካቦው ርዝመት በላይ ይራቅ። የሰመጠ መኪና ባለበት ሁሉ ሕፃናት እንደሚሰበሰቡ ሁላችንም እናውቃለን።

*ሥሩ የሚገባው ሰው*

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በከተማም በገጠርም የምናየው ነገር አለ። አይሱዙው በክሪክ ተነስቷል፣ ከጎኑ ሁለት ድንጋይ ተደርድሯል፣ የልጁ እግር ብቻ ከሥር ይታያል። ክሪክ የተሠራው ሊያነሳ እንጂ ይዞ ሊቆይ አይደለም። በዘይት ክሪክ ውስጥ ያን ሁሉ ሸክም የያዘው አንድ ስስ ጎሚኒ ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ያመልጣል፣ መኪናው ይወርዳል፣ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ድንጋይም ከላይ ጠንካራ መስሎ በአንድ ጊዜ ይሰነጠቃል።

የብረት ቋሚ ድጋፍ ከአንድ አዲስ ጎማ ያነሰ ዋጋ ነው። የድጋፉ ጥንድ በሌለበት፣ ቢያንስ የወለቀውን ጎማ በሻንሲው ሥር አስተኝቶ ማስገባት የቆየ የሾፌሮች ብልሃት ነው። መኪናው ቢወድቅ የሰው ደረት ላይ ከሚያርፍ ጎማው ላይ ይረፍ። በየጋራዡ ባለቤት ላይ ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። መኪና ሥር የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ባለመኪናው ሳይሆን በቀን ሒሳብ የሚሠራ የሰው ልጅ ነው።

ነገሩ ከዚህ በኋላ የባሰ ትኩረት ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና መንገዱን እየሞላው ነው። እነዚህ መኪኖች ከባዱን ባትሪ የሚሸከሙት ወለላቸው ሥር ነው። በለመድነው እጅ ክሪክ መሐል ላይ ማስገባት የመኪናውን ውድ ዕቃ መውጋት፣ እሳትም መጥራት ሊሆን ይችላል። የሚነሱባቸው ቦታዎች ጠርዝ ላይ ምልክት አላቸው፣ መመሪያውን ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ መጠባበቂያ ጎማም ክሪክም ይዘው አይመጡም። ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ብቻ ነው ያላቸው። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ይህ ምንም አያደርግም። መኪናውን ስትገዙ ስለ ባትሪው ርቀት ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ጠይቁ፣ በተለይ ክፍለ አገር የምትወጡ ከሆነ።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፣ አምሳያውም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በአጠገቡ ስታልፉ የመድፉን አፍ ብቻ አትመልከቱ። 70 ኩንታል ብረት ያን ሁሉ ገደል ያለፈው፣ ከፊቱ መሬቱን ያስተካከለ ሰው ስለነበረ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት የመኪናውን ኋላ ክፈቱና እዩ። ክሪኩ አለ? ሳንቃውስ? ታኮውስ?

መልካም መንገድ።